ከጆርጅታውን እስከ ፒትስበርግ በብስክሌት፦ ምን ተያዘ፣ ምን ቀረ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፒትስበርግ የሚያደርሰው የብስክሌት መንገድ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከማቋረጫዎችና ከጥቂት ቦታዎች በቀር መኪና አያገኘውም። የመጀመሪያው 297 ኪሎ ሜትር ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ በአንድ የድሮ ጀልባ ቦይ ዳር ይሄዳል። የቦዩ ቁፋሮ በ1828 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው። በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የሚመላለሱበት ጠርዝ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከከምበርላንድ ወዲያ ያለው 241 ኪሎ ሜትር ደግሞ አብዛኛው ባቡር የተወው መስመር ነው፤ ሐዲዱ ተነሥቶ፣ ደቃቅ ጠጠር ተደልድሎበት እስከ ፒትስበርግ መሐል የተገናኘው በ2013 ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለን ሐበሾች ቅዳሜ ጠዋት የዚህን መንገድ ጫፍ ነካ አድርገን ግሬት ፎልስ ላይ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ለመዝለቅ ስለተነሡ ሁለት ሰዎች ነው፤ አጎትና የእህት ልጅ። አጎትየውን ልጁ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ባሕር ዳር ያደጉ፣ ትምህርት ቤት በብስክሌት የተመላለሱ፣ አሁን ወደ ስድሳ የተጠጉና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ናቸው። ልጁ ሜሪላንድ ያደገ፣ ቀጭን ጎማ ያለው የእሽቅድምድም ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ነው። እኔ ጋራዤ ውስጥ የወዳጅ የጎረቤቱን ብስክሌት እጠግናለሁ። ብስክሌቶቹን ሊያሳዩኝ ሲመጡ ጭቅጭቃቸውንም ይዘውት መጡ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ሁለቱም ይጾማሉ።

ልጁ «ጋሼ፣ ያለነው አሜሪካ ነው፤ ስልክና ካርድ ይበቃናል። የጎደለንን እንገዛለን፣ ማታ ሞቴል እናድራለን፤ እባክዎን ራስዎን አያድክሙ» ይላል። ጋሼ «አንተ ካርድህን ብላ፤ እኔ ስንቅ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም» እያሉ የጋራዤ ወለል ላይ ዕቃቸውን ይደረድራሉ። ጋቢ፣ ሁለት ጂንስ፣ ሹራብ፣ ከባድ ጫማ፣ ፔርሙስ፣ ድስት፣ ጀበና፣ የመኪና ፒንሳና መዶሻ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አምጥተን ስንጭነው 27 ኪሎ ሆነ። ከኋላ ያለው የብስክሌታቸው ዕቃ መጫኛ ብረት ላይ የተጻፈው ደግሞ እስከ 25 ኪሎ እንደሚችል ነው፤ እሱም በጥሩ መንገድ ላይ። የልጁ ከረጢት አራት ኪሎ አይሞላም፤ ግማሹ ቻርጀርና ገመድ ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስሌት «ስንት ቀን እንሄዳለን?» የሚል ነው። ለእኔ ይህ ስሌት ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው። ለሦስት ቀንም ሆነ ለሦስት ወር የሚሄድ ሰው የሚይዘው ልብስ አንድ ዓይነት ነው፤ ለብሶ የሚነዳው አንድ፣ ቀይሮ የሚያድርበት አንድ። ጓዙን የሚያከብደውም የሚያቀለውም አንድ ነገር ሲያልቅ ወይም ሲሰበር ቀጥሎ እስከሚገኝበት ቦታ ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ካርታ ዘርግተን እያንዳንዱን ዕቃ እያነሣን «ይሄ መንገድ ላይ የት ይገኛል?» እያልን ጠየቅን።

ካርታው የሚነግረው ነገር አለ። ከጆርጅታውን እስከ ብረንስዊክ 88 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ቀጥሎ ሼፐርድስታውን፣ ዊልያምስፖርት፣ 200ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሃንኮክ። እስከዚህ ድረስ ልጁ እውነት አለው፤ ትልቅ ከተማ ባይሆንም የሚሸጥ ነገር አይጠፋም። ከሃንኮክ እስከ ከምበርላንድ ያለው 97 ኪሎ ሜትር ግን ጫካ፣ ወንዝና ቦይ ነው። መሐል ላይ ሊትል ኦርሊንስና ፖ ፖ የሚባሉ ትንንሽ መንደሮች አሉ፤ እዚያ ሱቅ ቢኖር እንኳ ሲደርሱ ተዘግቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ስልክም ኔትወርክ የሚያጣበት ቦታ ብዙ ነው። ከከምበርላንድ በኋላ ደግሞ ፍሮስትበርግ፣ ማየርስዴል፣ ሮክዉድ፣ ኮንፍሉዌንስ፣ ኦሃዮፓይል፣ ኮኔልስቪል እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ ማደሪያም ምግብም አለ።

ከዚህ የወጣው ውሳኔ ሁለቱንም አላስደሰተም፤ ትክክል መሆኑን የነገረኝም ይኸው አለማስደሰቱ ነው። ቦዩ ዳር ያለውን ግማሽ ድንኳን እየተከሉ ያድራሉ፤ ከከምበርላንድ በኋላ ቤት እየተከራዩ። ድንኳኑ፣ ድስቱና ምድጃው ከምበርላንድ ፖስታ ቤት በካርቶን ተደርገው ወደ ቤት ይላካሉ። ምክንያቱ ስስት አይደለም። ከከምበርላንድ እንደተወጣ 38 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት ይጀምራል። በድሮ ባቡር መስመር ስለሆነ ተዳፋቱ ከ2 በመቶ በታች ነው፤ ግን ማረፊያ የለውም፤ 729 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የውሃ ከፋይ ጫፍ እስኪደረስ ፔዳል መምታት ነው። የማይተኙበትን ድንኳን እዚያ ላይ ማውጣት ለማን ይጠቅማል?

ቦዩ ዳር ያሉት የድንኳን ቦታዎች በነጻ ናቸው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። በየ10 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይገኛሉ፤ መጸዳጃ፣ ጠረጴዛና በእጅ የሚሳብ የውሃ ፓምፕ አላቸው። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ግን የለም፤ ያመጣኸውን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ስለዚህ የፕላስቲክ ከረጢት ከዋና ዕቃዎች ገባ። የፓምፑ ውሃ ሲመረመር ካልተስማማ መያዣው ይነቀላል። አንድ ፓምፕ ደርቆ ቢያገኙት ቀጣዩ ድረስ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ነው፤ ስለዚህ ከ100 ግራም የማይበልጥ የውሃ ማጣሪያ ተያዘ፤ ወንዙ ከጎን ነው። ፔርሙሱ ወጣ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ፣ ከሃንኮክ ወዲያ ሦስተኛ ሊትር የሚጨመርበት ተጣጣፊ ላስቲክ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ ነገሩ ተገለበጠ። እዚህ ላይ ጋሼ ሙሉ በሙሉ ልክ ነበሩ፤ ለምን ልክ እንደሆኑ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ስለ ብስክሌት ጉዞ ጓዝ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤ ስለሚጾም ሰው የሚያወራ አላየሁም።

በጾም የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ያለው ሱቅ ግማሹ ለእሱ ዝግ ነው። የትንንሾቹ ከተሞች ነዳጅ ማደያና ምሳ ቤት የሚያቀርበው እንቁላልና አይብ ያለበት ሳንድዊች፣ ፒዛ፣ በርገር፣ የዶሮ ጥብስ ነው። ልጁ «የድንች ጥብስ የሌለበት የለም» አለ። ይኖራል፤ ግን ዕቃ ጭኖ በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከወትሮው ምግቡ በላይ በግምት 2,000 ካሎሪ ያወጣል፤ ያንን በድንች ጥብስ የሚሞላ ሆድ አይታየኝም። ጋሼ የነፍስ አባታቸውን አማክረው ነበር። ሰዓቱን እንዲያላሉት፣ ምግቡን ግን እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ስለዚህ ጠዋትም ይበላሉ፤ የሚበሉት የጾም ብቻ ነው።

እንጀራ ይዞ መሄድ ወዲያው ወደቀ። በነሐሴ ሙቀትና በሜሪላንድ ወበቅ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ እንጀራ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሻግታል፤ ክብደቱም አብዛኛው ውሃ ነው። ድርቆሽ ግን ውሃው የወጣለት ነው፤ አይበላሽም፤ ቢሰባበርም ምንም አይልም፤ መሰባበሩ አይቀርለትምና። ሚጥን ሽሮ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም ቅመሙም ከውስጡ ስለሆነ ውሃ፣ ትንሽ ዘይትና እሳት ብቻ ይፈልጋል። ማታ ሽሮው ሲንተከተክ ድርቆሹ ይጨመርበታል፤ ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ ፍርፍር ሆኖ ይበላል። ሽሮው በሁለት ከረጢት ተደርቦ ታሰረ፤ አንዱ ከተቀደደ ቢጫ ዱቄት ከካልሲ ጋር መቀላቀሉ ነው።

ለቀኑ በሶ። 100 ግራም በሶ 350 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በሕይወቴ ያየኋቸው በብር የታሸጉ የስፖርተኛ ምግቦች ከዚህ የሚበልጡበት ነገር ዋጋቸው ነው። ችግሩ አበጣበጡ ነው። ልጁ ጋራዤ ውስጥ ሊሞክር በሶውን ቀድሞ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረ፤ ውሃውን ሲያፈስበት ታቹ ላይ ጭቃ ሆኖ ተጣበቀ፤ በሹካ ጫፍ ቢጎረጉር አልወጣም። ጋሼ ወሰዱና አጥበው፣ ውሃውን ግማሽ ድረስ ሞልተው፣ በሶውን በማንኪያ እያራገፉ፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምረው ክዳኑን ዘግተው መቱት። «እንዲህ ነው፤ በካርድ አይበጠበጥም» አሉት። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ይህ በዕቃ ዝርዝሩ ላይ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። ቆሎው በለውዝና በሱፍ ተደርጎ በመሪው ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ገባ፤ ሳይወርዱ ለመቆርጠም። ዳቦ ቆሎም ተጨመረ። ሙዝ፣ ዳቦና የለውዝ ቅቤ ግን የትም ስለሚገኙ አልተያዙም።

ጀበናዋ ረጅም ክርክር አስነሣች። ሸክላ ናት፤ ለመንገዱ ነውጥ አትሆንም። የተፈጨ ቡና ተይዞ በድስት እንዲፈላ ተስማምተን ጋሼ እስከ መጨረሻው «ቡና አይባልም እሱ» ሲሉ ነበር።

ስለ መሣሪያ ከማውራት በፊት ስለ ብስክሌቱ። የልጁ ፍሬም ከ28 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ አያስገባም፤ የቦዩ ዳር መንገድ ደግሞ ሥር፣ ድንጋይና ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ነው። ብስክሌቱ ቤት ቀረና 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ያለው ከጓደኛ ተዋሰ። የጋሼ የድሮ የተራራ ብስክሌት ባለበት ሄደ፤ ብረት ነው፤ ጎማው ሰፊ ነው፤ ማርሹ ቀላል ነው።

ሁለት ብስክሌት ግን አንድ ካላማዳሪያ አይጋራም። የጋሼ ጎማ ባለ26፣ የልጁ ባለ700 ነው። ቫልቩም ይለያያል፤ የጋሼው እንደ መኪናው ወፍራም፣ የልጁ ቀጭንና ጫፉ በብሎን የሚላላ። የነዳጅ ማደያ መንፊያ የሚገባው ለጋሼ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ቫልቭ የሚሆን አንድ የእጅ ፖምፓ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያና ማጣበቂያ። ትርፍ ጎማ አልተያዘም፤ በምትኩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠች መዳፍ የምታህል ቁራጭ፣ ጎማ ከተቀደደ ከውስጥ የሚደረግባት። ካቴና ቢበጠስ የሚያገናኝ ማያያዣም ሁለት ዓይነት ነው፤ የአንዱ ብስክሌት ባለ9፣ የሌላው ባለ11 ማርሽ ስለሆነ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርባት ትንሿ ብረት ለእያንዳንዱ ፍሬም የተለየች ናት፤ ብትጣመም የመንደር ብስክሌት ሱቅ አይኖረውምና ለልጁ አንዷን አስቀድመን አስመጣን። ፒንሳውና መዶሻው ወጡ። ባለስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ካቴና መፍቻ፣ ለዲስኩ ፍሬን አንድ ጥንድ ሸራ፣ ማሰሪያ ፕላስቲኮች፣ በፖምፓው ወገብ ላይ የተጠቀለለ ፕላስተር፣ አምስት ሚሊ ሜትር ብሎኖች እፍኝ ያህል። የጋሼን ፓራፋንጎ ከፍ አደረግሁት፤ በጎማውና በእሱ መሐል ጣት ካላለፈ የቦዩ ጭቃ ይጠቀጠቅና ጎማውን ያቆመዋል።

ጋቢው ቀረ። ደረቅ እያለ እንኳ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ከረጠበ አይደርቅም። በምትኩ ነጠላ ሄደ፦ ማታ አንሶላ፣ ቀን አንገት ላይ ከፀሐይ መከላከያ፣ ጠዋት የጸሎት። በነሐሴ ሌሊት ከዚያ በላይ ብርድ የለም። ጂንሶቹና ሹራቡ ወጡ፤ የዝናብ ጃኬት ገባ። ስለ መዥገር ልጁ አልሰማ አለ። በዚህ አገር መዥገር «ላይም» የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፤ ረጅም ካልሲ፣ ከጉዞው በፊት ደጅ ላይ ልብስ ላይ ተረጭቶ የሚደርቅ ማባረሪያ፣ አንዲት ሹል ወረንጦ። የጋሼ መድኃኒት ከሚፈለገው በላይ ለጥቂት ቀን የሚሆን ተጨምሮ ለሁለት ተከፈለና ግማሹ በልጁ ከረጢት ገባ፤ አንድ ሻንጣ ወንዝ ቢገባ ሌላው አለ። ኪኒናው ሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ስለሆነ፣ ሙቀት ላይ ምን እንደሚደረግ ሐኪማቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ነገርኳቸው፤ ጠየቁ። የራስ ላይ ባትሪ ለሁለቱም የግድ ነበር፤ ፖ ፖ ያለው የቦዩ ዋሻ 950 ሜትር ይረዝማል፤ መብራት የለውም።

መጨረሻ ላይ የጋሼ 14 ኪሎ፣ የልጁ 11 ሆነ። ድንኳኑን ልጁ ተሸከመ።

ሲመለሱ ዕቃውን ጋራዤ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ከዊልያምስፖርት በፊት ቀኑን ሙሉ ዘንቦባቸዋል፤ የልጁ ፍሬን ሸራ በአንድ ቀን ጭቃና አሸዋ ተበልቶ ብረቱ ዲስኩን መፋቅ ጀመረ፤ ጥንዷን ድልድይ ሥር ቆመው ቀየሯት። በማግስቱ ወደ ቦዩ አልተመለሱም፤ ከቢግ ፑል እስከ ሊትል ኦርሊንስ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ አስፋልት የተደረገ የድሮ ባቡር መስመር አለ፤ 45 ኪሎ ሜትር፤ በእሱ ሄዱ። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከማንኛውም ትርፍ ዕቃ ይበልጣል።

ትልቁን ሥራ የሠራችው ግን ብሎን ናት። ከሃንኮክ አለፍ ብሎ የጋሼ ዕቃ መጫኛ ወደ ግራ እያዘነበለ መጣ፤ ወርደው ሲያዩ የታችኛው ብሎን በንዝረት ተፈትቶ ወድቋል፤ 14 ኪሎው በሦስት ብሎን ላይ ነው፤ የቀሩትም መላላት ጀምረዋል። ከእፍኙ አንዷን አስገብተው፣ ሌሎቹን አጥብቀው፣ በማሰሪያ ፕላስቲክ ደግመው ሄዱ። ያች ብሎን ባትኖር በዚያ ጫካ ውስጥ ሻንጣውን በጀርባ መሸከም ነበር።

ውሃ ማጣሪያው አንድ ማታ አገልግሏል፤ የፓምፑ መያዣ ተነቅሎ አገኙት። በሶው ከምበርላንድ ሲደርስ አለቀ፤ ያገባደደው ልጁ ነው። ማርሽ መቀየሪያ ማሰሪያዋ ብረት ከከረጢቷ ሳትወጣ ተመለሰች፤ ነገም ትያዛለች። ከልጁ ቻርጀሮች አንዱ በቂ ነበር። ከምበርላንድ ላይ በካርቶን የላኩት አምስት ኪሎ ገደማ ነው፤ የጋዝ ቆርቆሮው በባቡር ስለማይሄድ ወደ ዋሽንግተን ለሚወርዱ መንገደኞች ሰጡት።

የመልሱ ባቡር የራሱ ሕግ አለው። ብስክሌት የሚገባበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ከቲኬቱ ጋር አስቀድሞ ይያዛል፤ ሻንጣዎቹ ሁሉ ከብስክሌቱ ተፈትተው ለብቻ ይገባሉ። ለሁለት ሰው ስድስት ቁርጥራጭ ከረጢት እኩለ ሌሊት አልፎ ጣቢያ ላይ ማንጠልጠል ከባድ ነው፤ ልጁ ሁሉንም የሚያስገባ አንድ ቀጭን ጆንያ መሳይ ሻንጣ አጣጥፎ ይዞ ነበርና ለአንድ ጊዜ ያህል ጋሼ አመሰገኑት።

ያልተስማሙበት አንድ ነገር ቀርቷል። ልጁ የያዘው ወፍራም የብስክሌት ቁልፍ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ጋሼ «ሁለት ሰው ነን፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ብስክሌት ይጠብቃል፤ ቁልፍ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ልጁ ደግሞ ኦሃዮፓይል ላይ ሁለቱም ወንዝ ገብተው ሲታጠቡ ብስክሌቶቹ የት ነበሩ ብሎ ይጠይቃል። ጋሼ ለጥቅምት ጉዞ የሚሆን ቀጭን ሽቦ ቁልፍ ገዝተው አምጥተዋል፤ ልጁ በፒንሳ ይቆረጣል ብሎ አልተቀበለውም።